ድንጋይ ገልብጡ፦ በጣና ዙሪያ ወንዞች የውሃ ነፍሳትን ለይቶ ፍላይ መምረጥ

ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቁ፣ በአንዳሳ ወይም ከጉና በሚወርደው በላይኛው ጉማራ፣ ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንሿሿ ከሚያልፍበት ቦታ የሁለት ጡጫ ያህል ድንጋይ አውጥታችሁ ብትገለብጡ መጀመሪያ የሚታያችሁ እርጥብ ድንጋይ ብቻ ነው። ሃያ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ያን ጊዜ የድንጋዩ ገጽ ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፦ ጠፍጣፋው ነገር ወደ ጎን ይሸሻል፣ ጠጠር የመሰለው እብጠት እግር አውጥቶ ይጎተታል፣ አረንጓዴ ትል ከድር ጎጆው ራሱን ብቅ ያደርጋል። ነፍሳት የሚለቅም ዓሣ ቀን ከሌት የሚበላው ይህን ነው። ፍላይ ደግሞ በመንጠቆ ላይ ከላባ፣ ከፀጉርና ከክር የሚታሰር የእነዚሁ ነፍሳት አምሳያ ነው። ድንጋዩን ሳይገለብጡ ፍላይ መምረጥ ግምት ብቻ ይሆናል።

ስለ ፍላይ አጠማመድ የሚነበበው አብዛኛው ነገር የተጻፈው ለትራውት ወንዞች ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚወድ የሰሜኑ ዓለም ዓሣ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኘው በባሌ ተራሮች፣ እንደ ወይብ ባሉ ወንዞች፣ በሰው እጅ ተለቅቆ ነው፤ በጣና የለም። ጣና ያለው የራሱ ሀብት ነው። ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ፣ ከ10 በላይ የሆኑ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች ይኖሩበታል። ከእነሱ መካከል ዓሣ የሚያድኑ አሉ፣ የሐይቅና የወንዝ ወለል እየፈተሹ ነፍሳት የሚለቅሙም አሉ። ይህ ማብራሪያ ለእነዚህ ለቃሚዎች ነው፤ ባሌ ሄዶ ትራውት ለሚያጠምድ ሰውም ያው ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። የትራውት መጻሕፍት “በዚህ ወር ይህ ነፍሳት ይወጣል” የሚል የቀን መቁጠሪያ አላቸው። ያ የቀን መቁጠሪያ የተሠራው ክረምቱ በረዶ፣ ፀደዩ ሙቀት ለሆነ አገር ነው። እዚያ ነፍሳቱ ወራቱን ሙሉ በብርድ ተይዘው ይቆዩና ውሃው ሲሞቅ በአንድ ሳምንት ይፈላሉ። የእኛ ወንዝ አይቀዘቅዝም። አብዛኞቹ ነፍሳት በዓመት ከአንድ ትውልድ በላይ ይተካሉ፣ በየወሩም ጥቂት ጥቂት እያሉ ይወጣሉ። ሕይወታቸውን የሚወስነው ከሙቀቱ ይልቅ ዝናቡ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎርፉ ወለሉን ይጠርገዋል፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት ደግሞ ውሃው ይጠራል፣ ድንጋዩ አልጌ ይለብሳል፣ ነፍሳቱም ይበዛሉ። ስለዚህ የሰሜኑን የቀን መቁጠሪያ ተዉት፤ የሰሜኑን የአካል መለያ ግን ያዙት። ሜይፍላይ የሚባለው፣ በውሃ ውስጥ አድጎ ክንፍ የሚያወጣው ነፍሳት፣ ጭራውና ስንጥቡ (በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል) በስኮትላንድም በጉማራም ያው ነው።

ነፍሳቱን ማውጣት

ድንጋይ መገልበጥ ብቻውን የሚያሳየው ድንጋይ ላይ የሚጣበቁትን ነው። ዋናተኞቹና በአሸዋ ውስጥ የሚቀበሩት ያመልጣሉ። ለዚህ መረብ ያስፈልጋል። የ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ወይም የቀርከሃ ክፈፍ ረጅም እጀታ ላይ እሰሩና ስስ ጨርቅ እንደ ከረጢት ስፉበት። የወባ አጎበር ቅርብና ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያስበው እሱን ነው፣ ነገር ግን ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ትንንሾቹ እጮች ይሾልካሉ፣ ውጤቱም “እዚህ ወንዝ ትልልቅ ነፍሳት ብቻ ናቸው ያሉት” የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይሆናል። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ይሻላል። ከዚያ የጠበበ ጨርቅ ደግሞ በደለል ስለሚደፈን ውሃው በአፉ ተመልሶ ይወጣል፣ የያዘውንም ይዞት ይሄዳል።

ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ምረጡ። የመረቡን አፍ ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ ጠርዙን ወለሉ ላይ አስደግፉት። እናንተ ከመረቡ በላይ፣ ማለትም ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ቆማችሁ በጫማችሁ ድንጋዩን እያገላበጣችሁ ወለሉን ለ1 ደቂቃ ያህል አተራምሱ። የተፈናቀሉትን ነፍሳት ውሃው ራሱ እየገፋ ወደ መረቡ ያስገባቸዋል። ይህን በሦስት ቦታ ድገሙት፦ በፈጣኑ መካከል፣ ውሃው በሚረጋበት ጠርዝ፣ እና የሣር ሥርና የወደቀ ቅጠል ባለበት ዳር። ሦስቱን አትቀላቅሉ። ዓሣው የቆመው ከሦስቱ በአንዱ ስለሆነ የእያንዳንዱን ነዋሪ ለይቶ ማወቁ ነው የሚጠቅመው።

ያወጣችሁትን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የወንዝ ውሃ ባለበት ነጭ ሳፋ ውስጥ ገልብጡት። ነጭነቱ ግዴታ ነው፤ በአረንጓዴ ሳፋ ውስጥ ግማሹ አይታይም። እንደገና ጠብቁ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል። ቅጠልና ጠጠር ዝም ይላል፣ ሕይወት ያለው ይንቀሳቀሳል። ለመለየት ነጭ የቡና ስኒዎች ደርድሩና በለስላሳ ብሩሽ ወይም አፉ በሰፋ ጠብታ መጣያ አንድ ዓይነቱን በአንድ ስኒ አኑሩ። ወረንጦ መጠቀም ይቻላል፣ ግን እግርና ጭራ ይሰብራል፤ እግርና ጭራው ደግሞ ዋናው መለያ ነው። ስኒዎቹን በጥላ ሥር አስቀምጡ። በፀሐይ የሞቀ ጥቂት ውሃ ኦክስጅኑ ቶሎ ስለሚያልቅ ፈጣን ውሃ የለመዱት መጀመሪያ ይሞታሉ። 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነፅርና ማስመሪያ ካለ የሚቀር መሣሪያ የለም። ናሙና ለማቆየት የሚፈልግ ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ይጠቀም፤ በአልኮል ውስጥ ግን ቀለሙ ስለሚጠፋ ቀለሙን አስቀድሞ መመዝገብ ወይም ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ስለ ጤና ሁለት ነገር መባል አለበት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ በረጋና አረም ባለው ውሃ ይኖራል፣ በቆዳ የሚገባው ተውሳክም በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ በጠነከረችበት በረፋዱና በቀትር ነው። ረጅም የጎማ ቦቲና የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ፈጣን ውሃ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች ጎህ ሲቀድና ሲመሽ በግጦሽና በውሃ መካከል ይመላለሳሉ፤ ከውሃው የሚያቋርጣቸውን ነገር አይታገሡም። የአካባቢውን ታንኳ ቀዛፊ ሳይጠይቁ ደንገል ውስጥ መግባት አይገባም።

እንደ አንበጣ ወይስ እንደ ቢራቢሮ?

የውሃ ነፍሳት ሁሉ በሁለት መንገድ ያድጋሉ፤ ሁለቱንም ከየብስ እናውቃቸዋለን። አንበጣ ከእንቁላል ኩብኩባ ይሆናል። ኩብኩባው ክንፍ ባይኖረውም አንበጣ መሆኑ ያስታውቃል፤ ቆዳውን እየጣለ ያድግና በመጨረሻው ጊዜ ክንፍ ያወጣል። ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይ (ንጹሕ ፈጣን ውሃ የሚወድ ነፍሳት) እና የውሃ ተርብ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። በውሃ ውስጥ ያለው ልጅ ኒምፍ ይባላል፣ በጀርባው ላይም ወደፊት ክንፍ የሚሆን ትንሽ ከረጢት ይታያል። ቢራቢሮ ደግሞ መጀመሪያ ትል ናት፣ ቀጥላ ተሸፍና ትተኛለች፣ ከዚያ ፈጽሞ ሌላ ፍጥረት ሆና ትወጣለች። ካዲስ (ክንፋሙ የእሳት እራት የሚመስል)፣ ሚጅ (ትንኝ የሚመስል ግን የማይናከስ)፣ ጥቁር ዝንብና ጥንዚዛ የዚህኛው ወገን ናቸው። ትሉ፣ ማለትም እጩ፣ ክንፍ የሚሆን ከረጢት የለውም፤ የመኝታው ደረጃ ፑፓ ይባላል።

ይህ ልዩነት በቀጥታ ፍላይ ይወስናል። ሜይፍላይ ፑፓ ስለሌለው የሚመሰለው ኒምፉና ክንፋሙ ነው። በካዲስና በሚጅ ግን ዓሣ በብዛት የሚይዘው ፑፓው ወደ ውሃው ገጽ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ እጅግ የተጋለጠ ነው። የካዲስ ፍላይ እያለው የፑፓ ፍላይ ያልያዘ ሰው ዋናውን አጥቷል።

የአካል መለያዎች

መጀመሪያ እግር ፈልጉ። መገጣጠሚያ ያላቸው 6 እግሮች ካሉ ከሜይፍላይ፣ ከስቶንፍላይ፣ ከውሃ ተርብ፣ ከካዲስ፣ ከጥንዚዛ ወይም ከውሃ ትኋን አንዱ ነው። መገጣጠሚያ ያለው እግር ፈጽሞ ከሌለ የዝንብ ወገን እጭ ነው፤ ሚጅ፣ ጥቁር ዝንብ፣ ትንኝ። እግርም ራስም የሌለው፣ በሁለት ጫፉ እየተለጠፈ የሚሄድ ለስላሳ ነገር ግን አልቅት ነው፤ ከነፍሳት አይቆጠርም።

ሜይፍላይ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፣ ለፍላይ አጥማጅ ቀዳሚው እሱ ነውና። ኒምፉ በአብዛኛው 3 ጭራ አለው፣ አንዳንዱ 2። በሆዱ ጎንና ጎን ቅጠል ወይም ላባ የመሰለ ስንጥብ ተሰልፏል፤ በስኒው ውስጥ ሲረጋ ስንጥቡ ሲርገበገብ በዓይን ይታያል። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ያለው ጥፍር 1 ብቻ ነው። ስቶንፍላይ 2 ጭራ፣ በየእግሩ 2 ጥፍር አለው፣ ስንጥቡም በሆዱ ጎን ሳይሆን በደረቱ ሥር፣ በእግሮቹ ብብት እንደ ፀጉር ጉንጉን ነው። ጭራ መቁጠር ብቻውን ስህተት ላይ የሚጥለው ለዚህ ነው፦ መረብ ውስጥ ጭራ ይሰበራል፣ ባለ 3 ጭራው ባለ 2 ይሆናል። ጥፍርና ስንጥብ ግን አይዋሹም።

ከሜይፍላይ ውስጥ ሦስት ቅርፅ መለየት ይበቃል። አንደኛው ባኤቲስና ዘመዶቹ ናቸው፦ ከ4 እስከ 9 ሚሊ ሜትር፣ ክብና ቀጭን አካል፣ እንደ ትንሽ ዓሣ እየተወነጨፉ የሚዋኙ። ሳፋ ውስጥ ከብሩሹ ፈጥኖ የሚያመልጠው እሱ ነው። ብዛቱም ስለሚበልጥ “ምን ልሰር?” ለሚል ሰው የመጀመሪያ መልስ ባኤቲስ ነው። ሁለተኛው አፍሮኑረስ የሚባለው ጠፍጣፋ ወገን ነው፤ ራሱ ሰፊ፣ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ፣ እግሮቹ ወደ ጎን የተዘረጉ። ድንጋይ ሲገለበጥ ወደ ጎን የሚሸሸው እሱ ነው። ፈጣን ውሃ ጠፍጣፋ አካሉ ላይ ስለማይበረታ በጎርፍ መካከል እንኳ አይወሰድም፤ በዚህ ምክንያት ዓሣ በቀላሉ አያገኘውም፣ ፍላይ ሆኖም እንደ ባኤቲስ አይጠቅምም። ሦስተኛው ካኒስ ነው፦ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ በደለል ተሸፍኖ የሚሳብ። ከላይ ሲታይ በሆዱ ላይ አራት ማዕዘን ክዳን የመሰሉ 2 ሳህኖች አሉት፤ ክዳኑ ሌሎቹን ስንጥቦች ከደለል ይጠብቃል። ደለል በበዛባቸው የታችኛው ርብና የታችኛው ጉማራ ዓይነት ወንዞች የሚመቸው ለእሱ ነው።

ሜይፍላይ ክንፍ ካወጣ በኋላ ሌላ ነፍሳት የማያደርገውን ያደርጋል፦ ክንፍ ኖሮትም አንድ ጊዜ እንደገና ቆዳውን ይጥላል። መጀመሪያ ከውሃ ሲወጣ ክንፉ ደብዛዛ፣ ወተት የነካው ይመስላል። ቅጠል ሥር ጥቂት ሰዓት ይቆይና ሲለወጥ ክንፉ እንደ መስተዋት ይጠራል፣ ጭራውም ይረዝማል። አፉ ምግብ የሚበላ አይደለም፤ ተጋብቶ፣ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። ውሃ ላይ ደብዛዛ ክንፋም ካያችሁ ገና አሁን መውጣቱ ነው፣ በክንፉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፍላይ ይሠራል። ክንፉን ዘርግቶ የተጋደመ ጥርት ክንፋም ካያችሁ ደግሞ ሞቶ የሚንሳፈፈው ነው፤ ፍላዩም ተዘርግቶ የሚንሳፈፍ መሆን አለበት።

ኒምፉ መቼ እንደሚወጣም ከጀርባው ይነበባል። የክንፉ ከረጢት በመጀመሪያ የአካሉን ቀለም ይመስላል፣ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ይጠቁራል፣ ያብጣልም። በስኒው ውስጥ ጥቁር ከረጢት ያላቸው ብዙ ከሆኑ በዚያው ምሽት መፍላት ይጠበቃል። በባሕር ዳር ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ቶሎ ትጠልቃለች፣ ድንግዝግዙም አጭር ነው፤ ስለዚህ ፍላዩን ቀድሞ ማሰር ግድ ነው። ጨለማ ሲወርድ ብዙ ኒምፎች ድንጋያቸውን ለቀው ራሳቸውን ለውሃው ይሰጣሉ፣ ዓሣም ይህን ያውቃል።

ስለ ስቶንፍላይ የሚባለው ጥቂት ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ብዙ ወገኖች አሏቸው፣ በኢትዮጵያ ወንዞች የሚገኘው ግን የኒዮፔርላ ወገን ነው። ቢጫና ቡናማ ንድፍ ያለው፣ እስከ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ፣ ሌሎች ነፍሳትን የሚያድን ነው። ንጹሕና ኦክስጅን የሞላበት ፈጣን ውሃ ስለሚፈልግ ከላይኛው ወንዝ ውጭ አትፈልጉት። የትራውት መጽሐፍ ያነበበ ሰው የስቶንፍላይ ፍላይ በሳጥን ሞልቶ ይመጣል፤ ሁለት ይበቁታል።

ካዲስ በዚህ አካባቢ ከሜይፍላይ ያላነሰ ክብር ይገባዋል። እጩ አባጨጓሬ ይመስላል፦ ጠንካራ ቡናማ ራስ፣ ከራሱ አጠገብ 6 እግሮች፣ ከኋላ በኩል ሁለት መንጠቆ የመሰሉ ነገሮች። አንዳንዱ ከአሸዋ፣ ከቅጠል ቁራጭ ወይም ከእንጨት ስንጣሪ በአፉ ድር እያጣበቀ ቤት ይሠራል፤ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ልብ ብሎ ያላየ ሰው ጠጠር ነው ብሎ ይጥለዋል። ሌላው ቤት ሳይሆን መረብ ይሠራል። ሃይድሮሳይኪ የሚባለው ነው፤ በድንጋይ ሥር የድር መረቡን ውሃው በሚመጣበት አቅጣጫ ዘርግቶ የሚፈሰውን ምግብ ይለቅማል። ከ8 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ በደረቱ ላይ ሦስቱም ክፍል ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በሆዱ ሥር ቅርንጫፍ ያለው ስንጥብ የተንዠረገገበት፣ ሲነኩት እንደ ቀለበት የሚጠቀለል።

ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ለመረብ ሠሪዎች ምቹ ነው። ሐይቁ በውሃው ላይ የተንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን ይዞ ይለቃል፣ ምግባቸውም ሳያቋርጥ ይመጣላቸዋል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚሮጥበት ቦታና ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ ያሉት ፈጣን ውሃዎች ሃይድሮሳይኪና ጥቁር ዝንብ ሊጠበቁባቸው የሚገቡ ናቸው። ካዲስ ክንፋም ሲሆን የእሳት እራት ይመስላል፤ ክንፉን በሆዱ ላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ ያጋድማል፣ በክንፉ ላይ ፀጉር አለው፣ አንቴናው ረጅም ነው፣ ጭራ የለውም። በዚህ ከሜይፍላይ በአንድ እይታ ይለያል፤ ሜይፍላይ ሲያርፍ ክንፉን ወደ ላይ አቁሞ ነውና። ስቶንፍላይ ደግሞ በጀርባው ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ ያጥፋል።

የጥቁር ዝንብ እጭ ከጀርባው ጫፍ ሰፍቶ በወገቡ የቀጠነ ነው። በኋላ ጫፉ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ ራሱን ለውሃው ሰጥቶ በሁለት ማራገቢያ ምግብ ያጠልላል። ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ክንፋሙ ደም ለመጥባት ይነክሳል፤ ጀርባው ጎባጣ ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ። በጣና ዳርቻ ጭቃና አሸዋ ስለሚበዛ የወንዙ ሜይፍላይ ቦታውን ለሚጅ ይለቃል። የሚጅ እጭ ቀጭን ትል ነው፣ መገጣጠሚያ ያለው እግር የለውም፤ ከራሱ ሥር ሁለት፣ ከኋላው ሁለት ጉቶ መሰል እግሮች ብቻ። ቀይ የሆነው ቀይነቱን ያገኘው እንደ እኛ ደም ኦክስጅን ከሚይዝ ንጥረ ነገር ነው፤ ኦክስጅን በሚያጥርበት ጭቃ የሚኖረውም በዚህ ነው። ፑፓው ከወለል ተነሥቶ በውሃው ገጽ ሥር ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ደረቱ አብጦ፣ ራሱ ላይ ነጭ የመተንፈሻ ጉንጉን ይዞ። ማታ በመብራት ዙሪያ ደመና የሚሠራው ክንፋሙ ሚጅ ነው፤ አይናከስም። ከወባ ትንኝ ለመለየት አቀማመጡን ተመልከቱ፦ ሚጅ ሲያርፍ የፊት እግሮቹን ያነሳል፣ ትንኝ የኋላዎቹን፤ ሚጅ ረጅም መውጊያም የለውም።

በደንገል፣ በፊላና በእምቦጭ ሥር ደግሞ የውሃ ተርብ ኒምፎች አሉ። ወፍራሙ ኒምፍ ጭራ የለውም፤ ከአፉ ሥር ታጥፎ የተቀመጠ ክንድ ወርውሮ ያድናል፣ ሲፈራም ውሃ ከኋላው ገፍቶ ይወነጨፋል። ቀጭኑ ኒምፍ በጫፉ 3 ቅጠል አለው። ጀማሪ ሁሉ “3 ጭራ፣ ስለዚህ ሜይፍላይ” ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ቅጠሎቹ ስንጥብ ናቸው፣ በሆዱ ጎን ግን ምንም የለም፤ ሜይፍላይ ቢሆን ኖሮ ስንጥቡ በጎኑ ይገኝ ነበር። ከውሃ የሚወጡት ግንድ እየወጡ ስለሆነ ማለዳ ደንገል ላይ ተጣብቆ የቀረ ባዶ ቆዳ ማግኘት ይቻላል። ባዶ ቆዳ ሳይነካካ ሙሉ መለያ ይይዛል።

ጥንዚዛዎችና የውሃ ትኋኖች ለፍላይ ብዙም አያስፈልጉም። ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ የሚዋኘው የውሃ ትኋን ግን በባዶ እጅ ሲያዝ እንደ ንብ ስለሚያም ተጠንቀቁ።

ከነፍሳቱ ወደ መንጠቆው

የዝርያ ስም ማወቅ ደስ ይላል፣ ዓሣ ግን ስም አይጠይቅም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጠን፣ ቅርፅ፣ አኗኗር፣ ከዚያ በኋላ ቀለም። አብዛኛው ሰው ከቀለም ስለሚጀምር ትክክለኛ ቀለም ያለው ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ፍላይ ይጥላል።

ነፍሳቱን ከራሱ ግንባር እስከ ሆዱ ጫፍ ለኩ፤ ጭራና አንቴና አይቆጠርም። የመንጠቆ ቁጥር በተቃራኒ ይሄዳል፦ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ለሚሆነው ነፍሳት ከ10 እስከ 12 ቁጥር፣ ለ8 ሚሊ ሜትር 14፣ ለ6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ከ16 እስከ 18፣ ከዚያ ለሚያንሰው 20 እና ከዚያ በላይ። አምራቾች ስለሚለያዩ መንጠቆውን ከማስመሪያ ጎን አስቀምጦ ማየት ከቁጥሩ ይታመናል። በመካከል ሆኖ ግራ ሲገባ አነስተኛውን ምረጡ።

ቀለም የሚታየው በእርጥብነቱና ከሆዱ በኩል ነው፤ ዓሣ በብዛት ከሥር ነው የሚያየው፣ ብዙ ኒምፍ ደግሞ ሆዱ ከጀርባው ይነጣል። ቁሳቁሱ ከቤት ይገኛል፦ የበግ ፀጉር በጣት ተፈትሎ አካል ይሆናል፣ ለስላሳ የሴት ዶሮ የአንገት ላባ እግርና ጭራ ይሆናል፣ ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ክብደትና የሆድ ቀለበት ይሰጣል። የበግ ፀጉር ሲረጥብ ስለሚጠቁር ከነፍሳቱ ነጣ ያለ ምረጡና ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አወዳድሩ። ለባኤቲስ ቀጭን አድርጉ፤ በጀማሪ እጅ የሚታሰር ባኤቲስ ሁልጊዜ ይወፍራል። ለሃይድሮሳይኪ ግን መወፈሩ ትክክል ነው፣ ከወለሉ እየተንከባለለ እንዲሄድም ከበድ ይበል። የሚጅ ፑፓ ከባድ መሆን የለበትም፤ ከውሃው ገጽ ሥር ሳይንቀሳቀስ ይንጠልጠል፣ መጎተት ያበላሸዋል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አሸን ይፈላል፣ ከዚያም ብዙው ውሃ ላይ ይወድቃል። ይህ የየብስ ነፍሳት ነው፣ ግን በዚያን ሰሞን ዓሣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እሱን ሊለቅም ይችላል። በ12 ቁጥር መንጠቆ ላይ ቀላል ቡናማ አካልና ረዥም ክንፍ ይበቃዋል።

ክረምት ሲገፋ ግን ዘንጉን አስቀምጡ። ብዙዎቹ የጣና ባርበሶች በዝናቡ ወራት ለመራባት ወደ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዛቸው ካመነመናቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። እንቁላል የያዘ ዓሣ ማጥመድ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ማጥፋት ነው።

ሳፋው ስለ ውሃው ጤናም ይናገራል። በደቡብ አፍሪካ በሚሠራበት የወንዝ ጤና መለኪያ የአፍሮኑረስ ወገን 13 ነጥብ፣ የኒዮፔርላ ወገን 12 ነጥብ፣ የሚጅ ወገን 2 ነጥብ ይይዛሉ፤ ነጥቡ ከፍ ያለው ብክለትን የማይችለው ነው። ትናንት ጠፍጣፋ ሜይፍላይ በነበረበት ፈጣን ውሃ ዛሬ ቀይ ሚጅ ብቻ ከተገኘ የተለወጠው ወንዙ ነው፤ ሰው ልብሱን ወይም መኪናውን የሚያጥብበት፣ ወይም ፍሳሽ የሚገባበት ቦታ ከላይ በኩል ይፈለጋል።

ያያችሁትን ሁሉ ከወጣበት ቦታ መልሱ፣ ድንጋዩንም እንደነበረ ገልብጡት፤ ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ የደረቀ ድንጋይ ነዋሪዎቹን ያጣል። መረቡን ከሐይቁ ወደ ወንዝ ከመውሰዳችሁ በፊት ጭቃውን በደንብ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ፈጽሞ አድርቁት። የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ የተቆረጠ ቁራጩም እንደገና ይበቅላል።